የፐርል ዌብ ፍሬምወርክን ዋና ኮድ ማዘመን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ከተቀመጠ ሰርቨር መሐል ሜዳን፣ ሸዋ ሮቢትንና ዓለም ከተማን የሚያገለግል በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አፕሊኬሽን የያዘ ባለሙያ ውሎ አድሮ የፍሬምወርኩን (አፕሊኬሽኑ የተገነባበትን ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ዋና ኮድ፣ ማለትም ኮሩን፣ አፕዴት ማድረግ ግድ ይሆንበታል። የኮሌጅ ሬጅስትራርም ይሁን የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ወይም የገበሬዎች ዩኒየን ሽያጭ፣ ሥራው ያው ነው። ብልሽቱም ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ ኮድ ሳይሆን ስለ አፕዴቱ አስቀድሞ ከተያዘ የተሳሳተ ግምት ይመጣል። እዚህ የምናነሣው በካታሊስት፣ በሞጆሊሸስና በዳንሰር በሚባሉት የፐርል ፍሬምወርኮች ዙሪያ የሚዘወተሩትን ግምቶች ነው፤ በየንዑስ ርእሱ በጥቅስ ያለው የተሳሳተው ግምት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

«እየሠራ ያለን ነገር መንካት አያስፈልግም»

አፕሊኬሽኑ ሳይነካ ቢቀመጥም በዙሪያው ያለው ዕውቀት አይቆምም፤ ትናንት ማንም ያላወቀው ቀዳዳ ነገ በይፋ ይታወቃል። በ2014 ቡግዚላ በተባለው የፕሮግራም ስህተት መመዝገቢያ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ጥሩ ማሳያ ነው። ከድር ቅጽ የተላከን መረጃ በሚቀበለው በድሮው ሲጂአይ ሞጁል (ሞጁል ማለት ተጨማሪ የኮድ ክፍል ነው) «ፓራም» የሚባለው ትእዛዝ በዝርዝር ውስጥ ሲጠራ በዚያ ስም የተላኩትን ዋጋዎች በሙሉ ይመልሳል። የምዝገባ ኮዱ መጀመሪያ «ሚና፦ ተራ ተጠቃሚ» ብሎ፣ ቀጥሎ «ስም፦» ብሎ የፓራምን መልስ በአንድ ሃሽ (ቁልፍና ዋጋን በጥንድ የሚይዝ መዝገብ) ውስጥ ያስገባል እንበል። ተንኮለኛው «ስም»ን ሦስት ጊዜ ይልካል፦ አንደኛው የራሱ ስም፣ ሁለተኛው «ሚና» የሚለው ቃል፣ ሦስተኛው «አስተዳዳሪ» የሚለው ቃል። ሃሹ እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስለሚያነብ የኋለኛው ሚና የፊተኛውን ይሽራል፤ ሰውየውም አስተዳዳሪ ሆኖ ይመዘገባል።

ከዚያ ወዲህ ሲጂአይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሞጆሊሸስ ደግሞ ፓራም አንድ ዋጋ ብቻ እንዲመልስ አድርጎ፣ ብዙ ዋጋ ለሚፈልግ «ኤቭሪ ፓራም»ን ለየ። አፕዴት ሲያደርጉ ግን ልብ ይበሉ፤ ተማሪው አምስት ኮርስ ላይ ምልክት የሚያደርግበት ቅጽ በድሮው ልማድ ተጽፎ ከሆነ፣ ከአፕዴቱ በኋላ ያለ ምንም የስህተት መልእክት የመጨረሻው ኮርስ ብቻ ይመዘገባል። ስለዚህ አፕዴት ከማድረግዎ በፊት በኮዱ ውስጥ ፓራም የሚጠራበትን ቦታ ሁሉ በፍለጋ አውጥተው አንድ በአንድ ይዩት።

«ፍሬምወርኩ እንዲታደስ የሲስተሙ ፐርል መታደስ አለበት»

ሦስት ነገሮች ናቸው የሚምታቱት፦ ፐርል ራሱ፣ ፍሬምወርኩና ሌሎቹ ሞጁሎች። ሦስቱን በአንድ ምሽት የቀየረ ሰው ጠዋት ላይ ስህተቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይችልም።

ኡቡንቱ 20.04 ፐርል 5.30ን፣ 22.04 ፐርል 5.34ን፣ 24.04 ደግሞ 5.38ን ይዘው ይመጣሉ። ይህ ፐርል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ የፓኬጅ መጫኛው መሣሪያዎች ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል። እሱን በእጅ መቀየር ሰርቨሩን ራሱን ያናጋል። ለአፕሊኬሽኑ ፐርልብሪው ወይም ፒኤልኤንቭ በሚባሉ የፐርል መጫኛ መሣሪያዎች የራሱን ፐርል በራሱ ተጠቃሚ ማውጫ ውስጥ መጫን ይቻላል። አስቀድሞ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩት (የሚኮመፓይሉት) ጂሲሲና ሜክ መኖር አለባቸው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። አዲሱ ፍሬምወርክ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ፐርል ካለዎት፣ መጀመሪያ ፍሬምወርኩን በነባሩ ፐርል ላይ ያድሱ፣ ጥቂት ቀን ያሠሩት፣ ከዚያ ወደ ፐርሉ ይሂዱ። ሞጆሊሸስ 9 ቢያንስ ፐርል 5.16 ይፈልጋል። ስለዚህ 5.10 ይዞ የቀረ የሴንትኦኤስ 6 ሰርቨር ላይ ፐርሉ መቅደሙ የግድ ነው።

ፐርል ሲቀየር የድሮውን የሞጁል ማውጫ ገልብጦ ማስቀመጥ አይሠራም። ከፊሎቹ ሞጁሎች በሲ ቋንቋ የተጻፉና ለዚያው ፐርል የተኮመፓየሉ፣ ኤክስኤስ የሚባሉ ናቸው። በሌላ ፐርል ሲጫኑ ላይብረሪውና ፐርሉ እንደማይጣጣሙ የሚገልጽ ስህተት አውጥተው ያቆማሉ። መፍትሔው ሁሉንም ከዝርዝራቸው እንደገና መጫን ነው።

የድሮ ኮድን የሚጥሉ ሁለት የፐርል ለውጦች አሉ። ከ5.18 ጀምሮ የሃሽ ቁልፎች ቅደም ተከተል ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ይለያያል፤ ቁልፎቹን ሳይደረድር ሪፖርት የሚያወጣ ኮድ ዓምዶቹ ቦታ ይቀያየሩበታል። ከ5.26 ጀምሮ ደግሞ ፐርል ሞጁል ሲፈልግ አሁን ያለበትን ማውጫ አያይም። የማዋቀሪያ ፋይልን በስሙ ብቻ በ«ዱ» ትእዛዝ የሚጠራ ኮድ ፋይሉን ያጣዋል። የከፋው ነገር «ዱ» ፋይል ሲያጣ ፕሮግራሙን አያቆምም፤ አፕሊኬሽኑ ባዶ ማዋቀሪያ ይዞ ይነሣና ዳታቤዙ ጠፋ ይላል። ከፋይሉ ስም በፊት ነጥብና ስላሽ መጨመር፣ ወይም ፋይንድቢን በሚባለው ሞጁል ሙሉ መንገዱን መስጠት ይፈታዋል።

«ኮሩን ራሱን ከፍቶ ማስተካከል አጭሩ መንገድ ነው»

ለዚያች ሰዓት አጭር ነው። በሚቀጥለው አፕዴት ግን ማስተካከያው ይጠፋል፤ ከዓመት በፊት የተፈታ ችግርም ማንም ሳያስታውሰው ይመለሳል። ፋይሉን ወደ አፕሊኬሽኑ «ሊብ» ማውጫ ገልብጦ እዚያ ማስተካከልም ሌላ ወጥመድ ነው፤ ከአፕዴቱ በኋላ ያ አንድ የድሮ ፋይል ከአዲሶቹ ጋር ተደባልቆ ይጫናል፣ ስህተቱም ፈጽሞ ከማይጠበቅ መስመር ይመጣል።

የተነካካ ኮር ከወረሱ መጀመሪያ ምኑ እንደተነካ ይወቁ። የተጫነውን ቨርዥን ቁጥር አይተው ያንኑ ቨርዥን የፐርል ሞጁሎች ከሚገኙበት ከሜታሲፓን ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ከዚያ ከጠፋ ባክፓን በተባለው የድሮ ቨርዥኖች ማኅደር ላይ ይገኛል። ሁለቱን ማውጫዎች በዲፍ ትእዛዝ ያስተያዩ። ለሚወጣው ልዩነት ሁሉ የአዲሱን ቨርዥን «ቼንጅስ» ፋይል ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ በዋናው ላይ ተፈትቷል። ያልተፈታውን በሞጆሊሸስና በዳንሰር በሁክ (ፍሬምወርኩ በተወሰነ ጊዜ የእርስዎን ኮድ የሚጠራበት መንገድ)፣ በካታሊስት ደግሞ በፕለጊን ወይም ነባሩን ትእዛዝ በሌላ ኮድ በሚከብበው በሙስ ሞጁል «አራውንድ» ከኮሩ ውጭ ማስቀመጥ ይቻላል። የግድ ኮሩ ላይ መግባት ያለበት ካለ፣ ፓቹን (የማስተካከያውን ልዩነት) በጊት ውስጥ በራሱ ፋይል ያኑሩትና ፍሬምወርኩን በአንድ ቨርዥን ቁጥር ላይ ያስሩት።

«አማርኛው ዩኒኮድ ስለሆነ አፕዴቱ አይነካውም»

ለእኛ አካባቢ አፕሊኬሽኖች ትልቁ ጉዳት ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

ካታሊስት ከ5.90080 ጀምሮ ፊደልን በባይት የሚጽፈውን ዩቲኤፍ-8ን ሳይጠየቅ ያበራል። ከዚያ በፊት የተጻፈ አፕሊኬሽን አማርኛው እንዲወጣለት ራሱ ወደ ባይት ይቀይር ነበር። አሁን ፍሬምወርኩም ይቀይራል፤ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተቀየረ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በየሦስት ምልክቱ የሚደጋገም፣ ከላይ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ነው። ምክንያቱም የተለመዱት የግዕዝ ፊደሎች ሁሉ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ናቸው፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው።

በቁጥር እንየው። «ደብረ ብርሃን» ከነክፍተቱ 8 ምልክት ነው፤ ባይቱ 7 ፊደል በ3 ተባዝቶ ከ1 ክፍተት ጋር 22 ይሆናል። ፐርል ሁለቴ ከቀየረው ግን እያንዳንዱ ባይት እንደ ፊደል ተቆጥሮ በሁለት ባይት ይጻፋል፤ 22 ምልክት፣ 43 ባይት። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ «ካር ሌንግዝ» ምልክቱን፣ «ሌንግዝ» ባይቱን ስለሚቆጥሩ፣ የከተማውን ስም የያዘ አንድ ረድፍ በሁለቱ መለካት ይበቃል። 8 እና 22 ከወጣ የተከማቸው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ሲወጣ ነው። 22 እና 43 ከወጣ ግን ብልሽቱ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቷል፤ ያኔ መጻፊያውን ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ጤነኛና የተበላሹ ረድፎች በተደባለቁ ቁጥር ማጽዳቱ እየከበደ ይሄዳልና።

ትክክለኛው አሠራር ጽሑፍ ሲገባ አንዴ ከባይት ወደ ፊደል፣ ሲወጣ አንዴ ከፊደል ወደ ባይት መቀየር፣ መሐል ላይ ምንም አለመንካት ነው። ፍሬምወርኩ ይህን ከሠራ በኮድዎ ውስጥ ያሉትን የኢንኮድና የዲኮድ ጥሪዎች ያውጡ። ከዚያ አራት ቦታ ይፈትሹ። የአማርኛ ቃል በውስጡ ያለ የፐርል ፋይል «ዩዝ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ማወጅ አለበት። የገጹን ቅርጽ የሚያዘጋጀው ቴምፕሌት ቱልኪት የፊደል አጻጻፉ (ኢንኮዲንጉ) ሊነገረው ይገባል። የዳታቤዝ ግንኙነቱ ዩቲኤፍ-8 እንዲበራለት ያስፈልጋል። ጄሰን በሚባለው የመረጃ ቅርጽ ላይ ደግሞ ልዩነት አለ፦ በሞጆ «ኢንኮድ ጄሰን» ባይት ነው የሚመልሰው፣ «ቱ ጄሰን» ፊደል ነው። የመጀመሪያውን ቴምፕሌት ውስጥ ያስገባ ሰው ገጹ ደህና ሆኖ ሰንጠረዡ ብቻ ይበላሽበታል።

የተገላቢጦሹ ስህተት ሎጉ ላይ «ዋይድ ካራክተር» የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ይህ ማለት ፊደሉ ወደ ባይት ሳይቀየር ሊወጣ ነበር ማለት ነው።

የርዝመት ገደቦችም ይለወጣሉ። በባይት ሲቆጠር 30 ተብሎ የተገደበ የስም ሳጥን 10 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ አሁን 30 ይቀበላል።

«የዳታቤዝ ሾፌሩ ከፍሬምወርኩ ጋር አይገናኝም»

ፐርልን ከማይኤስኪውኤል ጋር የሚያገናኘው ሾፌር፣ ዲቢዲ ማይኤስኪውኤል፣ በ2023 ወደ 5 ሲሸጋገር ማሪያዲቢን መደገፍ አቆመ። ሁሉንም በጅምላ አፕዴት ያደረገና ሰርቨሩ ላይ ማሪያዲቢ ያለው ሰው ሾፌሩ አልኮመፓይል ይለዋል። ወይ ሾፌሩን በ4 ላይ ማሰር፣ ወይ ለማሪያዲቢ ወደተሠራው ዲቢዲ መዛወር ነው።

«ሰርቨሩ ኢንተርኔት ካለው መጫኑ ቀላል ነው»

መጫኑ መሐል ላይ መስመር ወይም መብራት ሲጠፋ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ የሞጁል ማውጫ ይቀራል። ስለዚህ ማውረዱንና መጫኑን ይለያዩ። ጥሩ መስመር ባለበት ኮምፒውተር ላይ የሞጁሎቹን ዝርዝር ሲፓንፋይል በሚባል ፋይል ጽፈው ካርተን በሚባለው መሣሪያ ይጫኑ፤ ካርተን ትክክለኛ ቨርዥኖቹን በስናፕሾት ፋይል ይመዘግባል። ቀጥሎ «ካርተን ባንድል» ሲሉ የሁሉንም ምንጭ ፋይል «ቬንደር ካሽ» በሚባል ማውጫ ይሰበስባል። ያንን በፍላሽ ወደ ሰርቨሩ ወስዶ ካርተንን «ካሽድ» በሚለው አማራጭ ማስጫን ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የተኮመፓየለውን ማውጫ ሳይሆን ምንጩን ነው የሚወስዱት፤ ኤክስኤስ ሞጁሎቹ እዚያው መኮምፓየል አለባቸውና። ከሩቅ ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ቲመክስ ወይም ስክሪን በሚባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ይጀምሩት፤ ግንኙነቱ ቢቆረጥም መጫኑ ይቀጥላል።

«ፋይሉ ከተተካ አፕዴቱ አልቋል»

ፐርል አንዴ ሜሞሪ ውስጥ የጫነውን ኮድ ዲስኩ ላይ ስለተቀየረ አያድሰውም። የሞጆሊሸስ ዌብ ሰርቨር የሆነው ሂፕኖቶድ ያንኑ ትእዛዝ ደግመው ሲሰጡት አዲስ ሠራተኛ ፕሮሰሶችን አስነሥቶ የድሮዎቹ የያዙትን ጥያቄ ጨርሰው እንዲወጡ ያደርጋል። ስታርማን የተባለው ሌላ የፐርል ዌብ ሰርቨር በ«ሃፕ» ሲግናል ሠራተኞቹን ያድሳል፤ ኮዱ አስቀድሞ በዋናው ፕሮሰስ እንዲጫን ተደርጎ ከተነሣ ግን «ሃፕ» አዲሱን ኮድ አያስገባም፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማስነሣት ይጠይቃል። «አፕዴት አድርጌያለሁ፣ ምንም አልተለወጠም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ነው።

«በአንድ ዝላይ ወደ መጨረሻው ቨርዥን»

አንድ ትእዛዝ ከመወገዱ በፊት ለተወሰነ ጊዜ ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ይሠራል። መሐሉን የዘለለ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሳያይ በቀጥታ ከስህተቱ ጋር ይገናኛል። ሞጆሊሸስን ከ7 ወደ 9 የሚወስድ ሰው መጀመሪያ በ8 መጨረሻ ላይ ይቁም፤ «ሞጆ ፌታል ዴፕሪኬሽንስ» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ 1 ብሎ ቴስቱን (አፕሊኬሽኑን የሚፈትሸውን ኮድ) ያስኪድ። ማስጠንቀቂያው ሁሉ ወደ ስህተት ስለሚቀየር የሚስተካከለው መስመር ከነቁጥሩ ይወጣል። በ9 ላይ ከራውቶች (አድራሻን ከኮድ ጋር ከሚያገናኙት መስመሮች) «ኦቨር» ቀርቶ «ሪኳየርስ»፣ «ራውት» ቀርቶ «ኤኒ» ሆኗል። በዚያው ተከታታይ በ2021 የፎርማት መለየት በነባሪ ስለጠፋ፣ በአድራሻው መጨረሻ ላይ ነጥብ ጄሰን ጨምሮ ይጠራ የነበረ ሪፖርት ራውቱ ላይ ፎርማቱ ካልተገለጸ 404 ይመልሳል።

ቴስቱን መጀመሪያ በድሮው ቨርዥን ላይ ያስኪዱት፤ ድሮም የሚወድቀውን ካላወቁ አዲሱን ጥፋት አይለዩም። የቴስቱ መረጃ ውስጥ በግዕዝ የተጻፈ ስምና በጳጉሜን ውስጥ ያለ ቀን ይኑር።

«ዳንሰር 2 የዳንሰር አዲሱ ቨርዥን ነው»፣ «ፐርል 7ን መጠበቅ ይሻላል»

ዳንሰር 2 ከሥር እንደገና የተጻፈ፣ በሲፓን (የፐርል ሞጁሎች ማከማቻ) ላይ የራሱ ስም ያለው ነው። ወደ እሱ መሄድ ኮድ መቀየርን ይጠይቃል። ፐርል 7 በ2020 ታስቦ ነበር፣ አልወጣም፤ ፐርል 6 የተባለው ደግሞ በ2019 ስሙ ራኩ ሆኖ ሌላ ቋንቋ ነው። ፐርል 5 በየዓመቱ እየወጣ ነው፦ 5.38 በ2023፣ 5.40 በ2024።

«ካልተሳካ የድሮውን ኮድ መመለስ ይበቃል»

የሚበቃው ዳታቤዙ ካልተለወጠ ነው። ለእያንዳንዱ አፕዴት የራሱ ማውጫ ይኑር፤ ኮዱና ሞጁሎቹ አብረው እዚያ ይቀመጡ፤ «አሁን» የሚል ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ማውጫ የሚጠቁም አቋራጭ) ወደሚሠራው ያመልክት። መመለስ ማለት ሲምሊንኩን አዙሮ ፕሮሰሱን ማስነሣት ብቻ ይሆናል። የሰንጠረዥ ለውጥ ካለ ግን አፕዴቱን ለሁለት ይክፈሉ፦ መጀመሪያ አዲሱን ዓምድ ይጨምሩ፣ የድሮውን ዓምድ የሚያጠፉት አዲሱ ኮድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከሠራ በኋላ ነው። ቀኑንም ይምረጡ፤ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ሂሳብ የያዘ አፕሊኬሽን አይነካም። ባክአፑ ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ፣ ተከፍቶ፣ ከላይ ያለው የ8 እና የ22 ልኬት ተደርጎበት መሆን አለበት።