የደህንነት ካሜራ ገጠማና ጥገና በባሕር ዳር

በባሕር ዳር የደህንነት ካሜራ ገጠማ ራሱን የቻለ እንጀራ ሆኗል። ወርቅ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ሆቴሉ፣ ማደያው፣ መጋዘኑ ካሜራ ሰቅሏል። አሁን አሁን ተራው መኖሪያ ግቢም እየተከተለ ነው። ስሙ በሰነድ ላይ "ሲሲቲቪ" ነው፤ ሰው ግን "ካሜራ" ብሎ ብቻ ይግባባል። ይህ ዳሰሳ መሣሪያው እዚህ ከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚገጠምና ሲበላሽ ምን እንደሚታይ ያስረዳል። መነሻዬ የአምራቾቹ መመሪያዎችና ከከተማችን ገጣሚዎች ጋር መሰላል ሥር ያሳለፍኳቸው ቀናት ናቸው።

ከተማዋ የተቀመጠችው በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ነው፤ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው እዚሁ ነው። ለካሜራ ገጣሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርጥበቱ፣ የክረምቱ መብረቅ፣ ማታ ከውኃው ዳር የሚነሳው የትንኝ መንጋ፣ ሁሉም መጥቶ የሚያርፈው ካሜራው ላይ ነው።

አጭር ታሪክ

ዝግ የቴሌቪዥን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1942 ጀርመን ውስጥ የሮኬት ሙከራ ለመከታተል እንደዋለ ይነገራል። በኔትወርክ የሚሠራ የመጀመሪያው ካሜራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ከስዊድኑ አክሲስ ኩባንያ ወጣ። ዛሬ ገበያችን ላይ በብዛት የሚታዩት ሂክቪዥንና ዳሁዋ ሁለቱም ሃንግዡ ከተባለችው የቻይና ከተማ የመጡ ናቸው።

ባሕር ዳር ኤሌክትሪክ የሚያውቁ ልጆችን ማፍራት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ፖሊ ቴክኒክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ነው፤ በኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫም ሥራ የጀመረው በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዛሬ መሰላል ተሸክመው በባጃጅ የሚዞሩት ገጣሚዎች ሁሉ የፖሊ ልጆች ናቸው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ሙያውን ያገኙት ከዲሽ ሥራና ከቤት መብራት ዝርጋታ ነው። እጃቸው ግን የሚያኮራ ነው።

ሁለቱ ዓይነቶች

አንደኛው አናሎግ ነው። ካሜራው እንደ ዲሽ ኬብል ባለ ኮአክሲያል ኬብል ከዲቪአሩ፣ ማለትም ምስሉን ከሚቀዳው ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ የኬብሉ ጫፍ ላይ ቢኤንሲ ኮኔክተር ይገባል፤ 12 ቮልቱን ለብቻው ይወስዳል። ስሙ አናሎግ ይሁን እንጂ የዛሬዎቹ ጥራታቸው ኤችዲ ነው። ሁለተኛው አይፒ ይባላል። ካሜራው ራሱ ምስሉን ወደ ዳታ ቀይሮ በኔትወርክ ኬብል ወደ ኤንቪአር፣ ማለትም ወደ አይፒ ካሜራ መቅጃው ሳጥን ይልካል። ካሜራዎቹን የሚያገናኘው ሳጥን ፒኦኢ ስዊች የሚባለው ዓይነት ከሆነ ኃይሉም ዳታውም በአንድ ኬብል ይሄዳል፤ ርዝመቱ ግን ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። አምፖል ሶኬት ላይ የሚጠመዘዙት የዋይፋይ ካሜራዎችም አሉ። ርካሽ ናቸው፤ ቆርቆሮና ወፍራም ግድግዳ ሲያጋጥማቸው ግን ሲግናላቸው ይደክማል።

የትኛው ይሻላል በሚለው ገጣሚዎች አይስማሙም። እኔ ግን አራት ካሜራ ለሚበቃው ሱቅ አናሎግ ጥሩ ነው እላለሁ። ሲበላሽ በቴስተር ብቻ ይገኛል፤ መለዋወጫውም በቀላሉ ይገኛል። ብዙ ሕንፃ ላለው ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ግን አይፒ ነው የሚያዋጣው።

አሰቃቀል

ብዙ ሰው ካሜራው ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ የሚያይ ይመስለዋል። አራት ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ ግቢውን በሙሉ ያሳያል፤ ጋቢ የተከናነበን ሰው ፊት ግን አያሳይም። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ካሜራ በር ላይ፣ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም ሳይበልጥ፣ የሚገባውን ሰው ፊት ለፊት እንዲያይ ሆኖ መገጠም አለበት። ሌንሱ 2.8 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 100 ዲግሪ ስፋት ያያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስፋቱ ይጠብና ሩቁ ይቀርባል።

ጥሩ ገጣሚ የሚታወቀው በኬብሉ አጨራረስ ነው። ኬብሉ ካሜራው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ መመለስ አለበት። ያኔ በኬብሉ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከዚያ ቅልሳት ላይ ይንጠባጠባል፤ ኮኔክተሩ ውስጥ አይገባም። ኮኔክተሩ ደግሞ ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ ይቀመጣል። ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ በፕላስተር የተጠቀለለ ኮኔክተር ሐምሌን አይሻገርም፤ አረንጓዴ ዝገት ያወጣና ምስሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የኃይል ነገር

እዚህ ከተማ "ካሜራዬ ተበላሸ" ሲባል መጀመሪያ መታየት ያለበት ካሜራው አይደለም፤ መብራቱ ነው። ይህን ሳያዩ ካሜራ የሚቀይሩ ሰዎች ገንዘባቸው ያሳዝነኛል።

አንድ ምሳሌ ልንገር። ሽምብጥ አካባቢ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ካሜራዎች ቀኑን ሙሉ በደንብ ይሠራሉ። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጨለም ሲል፣ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ይመጣሉ፤ ደግሞ ይጠፋሉ። የቤቱ እናት ካሜራው ጨለማ ይፈራል ብለው ደምድመው ነበር። ሁለት ጊዜ ካሜራ ተቀይሮላቸዋል። ችግሩ የነበረው አዳፕተሩ ነው። አራቱም የተያያዙት 2 አምፒር በሚሰጥ አንድ አዳፕተር ላይ ነው። ቀን እያንዳንዱ ካሜራ ጥቂት ብቻ ይወስዳል። ማታ ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው፣ ለዓይን የማይታየው የኢንፍራሬድ መብራት ሲበራ ፍጆታው ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ አዳፕተሩም አቅም ያጣል። 5 አምፒር ፓወር ሰፕላይ ሲገባ ነገሩ በዚያው ቀን አበቃ።

የኬብል ርዝመትም እንዲሁ ያታልላል። በቀጭን ባለ 24 ጌጅ የኔትወርክ ሽቦ ግማሽ አምፒር ወደ 50 ሜትር ርቀት ብንልክ፣ ከ12 ቮልቱ 4 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ካሜራው ጋ የሚደርሰው 8 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚለካው ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሳይሆን ካሜራው ጫፍ ላይ፣ ያውም ማታ ነው። ለረጅም ርቀት ወፍራም ሽቦ ይመረጣል፤ ካልሆነም ፓወር ሰፕላዩ ወደ ካሜራው ይጠጋል።

ኬብል ሲገዛ በምላጭ ፋቅ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ብር ከመሰለ፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ኃይል በመንገድ ላይ ይበላል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ለአጭር ርቀት ችግር የለውም የሚሉ ገጣሚዎች አሉ። ለፒኦኢ ግን አይሆንም፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

መብራት ሲሄድ ሲስተሙ ይጠፋል፤ ዋናው ጉዳት ግን የሚመጣው መብራት ሲመለስ ነው። ቮልቴጁ ይዘላል፤ ዲቪአሩ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ እየጻፈ ሳለ ተቋርጦ እንደገና ይነሳል። ይህ ሲደጋገም ዲስኩ ይጎዳል። ምልክቱ ቀጥታ ምስል እያሳየ ወደኋላ ሲፈለግ ምንም አለመኖሩ ነው፤ ዲቪአሩም "ቢፕ ቢፕ" ይላል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። ትንሿ ዩፒኤስ ለአራት ካሜራና ለአንድ ዲቪአር ጥቂት ጊዜ ትይዛለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ያንን ዝላይ ታስቀራለች። ዲስኩም ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ቢሆን ይመረጣል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ 24 ሰዓት ለመጻፍ አልተሠራም።

ስንት ቀን ይይዛል ለሚለው ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከላከ በቀን 43 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ካሜራ 1 ቴራባይቱን ከ6 ቀን ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል። ኤች.265 የሚባለው አጨማመቅ ተመርጦ ፍጥነቱ ወደ 2 ሜጋቢት ከወረደ ወደ 11 ቀን ያደርሳል። የሱቅ ባለቤት ዕቃ መጉደሉን የሚያውቀው ቆጠራ ሲደርስ ነውና ይህ ቁጥር ገና ሲገዛ መታሰብ አለበት።

ክረምት ሲገባ መብረቅ አለ። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተዘረጋ ኬብል መብረቁ አጠገብ ቢወድቅ እንኳ ኃይሉን ይቀበላል፤ ዲቪአሩን ወይም ስዊቹን ያቃጥላል። ጥሩ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) እና የሰርጅ፣ ማለትም የድንገተኛ ቮልቴጅ መከላከያ ይረዳሉ። በቀጥታ ለሚመታ መብረቅ ግን ዋስትና የሚሰጥ መሣሪያ የለም።

ሐይቁና ሌሊቱ

ከሐይቁ ዳር ባሉ ሪዞርቶችና መዝናኛዎች ትልቁ ቅሬታ "ማታ ነጭ ነገር ይሸፍነዋል" የሚል ነው። ይህ ሸረሪት ነው። ትንኙ ብርሃን ፍለጋ ይመጣል፤ ሸረሪቷ ትንኙን ፍለጋ ትመጣና ድሯን ሌንሱ ፊት ላይ ታደራለች። ኢንፍራሬዱ ድሩ ላይ ሲያርፍ ወደ ሌንሱ ተመልሶ ምስሉን ያነጣዋል። ድሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ደግሞ "እንቅስቃሴ አለ" እያለ ስልክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ትንኙን የሚስበው ኢንፍራሬዱ ራሱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደማየው ከሆነ አጠገቡ ያለው ነጭ አምፖል ይበልጥ ይስባል። አምፖሉን ከካሜራው ሁለት ሦስት ሜትር ማራቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ በተረፈ በሳምንት አንዴ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጋዝ መቀባት ሸረሪትን ያርቃል እየተባለ ይደረጋል፤ ሽፋኑ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ሊያደበዝዘው ይችላልና አልመክረውም።

ጠዋት ሌንሱ ውስጥ ጭጋግ ከታየ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ካሜራው ላይ "አይፒ 66" ወይም "አይፒ 67" የሚል መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ይህ አይፒ ከኔትወርኩ አይፒ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አቧራና ውኃ የመከላከል ደረጃ ነው።

ምስሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት መስመር ካለ ደግሞ ሴቲንጉን ማየት ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ካሜራው 60 ላይ ወይም ኤንቲኤስሲ በሚባለው የ60 ኸርዝ አገሮች የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ከተቀመጠ በፍሎረሰንት ብርሃን ሥር መስመር ያወጣል። ወደ ፓል (የ50 ኸርዙ ሥርዓት) ወይም 50 ሲቀየር ይጠፋል።

የሰዓት ነገር

ይህ የኛ አገር ልዩ ችግር ነው፤ በመመሪያ ላይ አይገኝም። ብዙ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ በቻይና ሰዓት ተሞልቶ ነው፤ ከኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ወደ ጂኤምቲ +3 መቀየር አለበት። አንዳንዱ ገጣሚ ደንበኛው ደስ እንዲለው የኛን ሰዓት ያስገባል፤ ማታ 3 ሰዓትን 3:00 ብሎ። ዲቪአሩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል፤ ከዚያ የትኛው ቅጂ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ይደበላለቃል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው "መስከረም 12 ለ13 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተሰረቅሁ" ቢል፣ ዓመቱ 2018 ከሆነ፣ ዲቪአሩ ላይ የሚፈለገው ሴፕቴምበር 23፣ 2025፣ 02:00 ነው። በኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ገና የ12 ነው፤ በመሣሪያው ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቀኑ ተቀይሯል። ሴፕቴምበር 22 ላይ ፈልገው "ምንም የለም" ብለው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ቅጂው ግን እዚያው ነበር። መሣሪያውን በፈረንጅ ሰዓት ትቶ፣ መቀየሪያውን በወረቀት ጽፎ ዲቪአሩ ላይ መለጠፍ ከሁሉ ይሻላል። የመሣሪያው ቀን በየጊዜው ወደ እ.ኤ.አ. 2000 የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ መቀየር ነው።

ኢንተርኔትና የይለፍ ቃል

በስልክ ማየት ለደንበኛው ትልቁ ደስታ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ የወላጆቹን ግቢ ያያል። ካሜራው ግን ያለ ኢንተርኔትም መቅዳት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ቅጂያቸውን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት ሩቅ ባለ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚያስቀምጡ ካሜራዎች ያኔ ጥቅም አልነበራቸውም። ዲቪአር ወይም ሚሞሪ ካርድ የነበረው ግን መቅዳቱን ቀጠለ።

የይለፍ ቃሉን ገጣሚው እንዳስገባው መተው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን የያዘው ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ስላልተቀየረ ነው። ደንበኛው ራሱ ይቀይረው፤ ደብተር ላይም ይጻፈው። የጠፋ የይለፍ ቃል ማስከፈት ቀናት ይወስዳል።

የጎረቤት ጉዳይ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። በተግባር የሚታየው ጠብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአጥር ነው፤ የአንዱ ካሜራ የሌላውን በረንዳ ወይም ልብስ ማስጫ ያያል። ገጣሚው ከመሰላሉ ሳይወርድ ይህን ማየት አለበት። አቅጣጫውን መቀየር ካልተቻለ በዲቪአሩ ሜኑ ውስጥ ፕራይቬሲ ማስክ የሚባል አለ። የጎረቤቱ መስኮት ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር ሳጥን ይሣላል፤ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ አይታይም፤ አይቀዳምም። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ጎረቤቱን ጠርቶ ስክሪኑን ማሳየት ደግሞ ሌላ ሁለት ደቂቃ።