የራስ ቅማልን በቤት ውስጥ መድሃኒት ማጥፋት

የራስ ቅማል ሰሊጥ የምታክል፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የምትሆን፣ 6 እግር ያላት ደም መጣጭ ተባይ ናት። አትበርም፣ አትዘልም፣ ራስና ራስ ሲነካካ ከአንዱ ፀጉር ወደ ሌላው እየዳኸች ነው የምትሄደው፣ ስለዚ ንፅህና የጎደለውን ብቻ ነው የምትይዘው የሚባለው ውሸት ነው። በሽታ የምታስተላልፈው ልብስ ስፌት ውስጥ የምትደበቀው የሰውነት ቅማል ናት እንጂ የራስ ቅማል አይደለችም፣ የራስ ቅማል ጣጣዋ ማሳከኩ፣ ሲፎክቱት ደግሞ ቆስሎ ማመርቀዙ ነው።

የቤት መድሃኒት ሲባል የወይራ ዘይት፣ ማዮኔዝ፣ ቫዝሊን፣ አቼቶ፣ ነጭ ሽንኩርት ምናምን ይጠራል። የቅባቶቹ ሀሳብ አፍኖ መግደል ነው፣ ቅማል የምትተነፍሰው ጎኗ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሆነ ይደፍናቸዋል ተብሎ። ግን እሷ ቀዳዳዎቹን ዘግታ ለሰአታት መቆየት ትችላለች፣ ውሃ ውስጥ እንኳን ብትነከር የሞተች መስላ ትቆይና ሲደርቅላት መንቀሳቀስ ትጀምራለች። ቫዝሊን ከሌሎቹ የተሻለ ቢገድልም እሱን ራሱ ከፀጉር ላይ ማስለቀቅ ሌላ ስራ ነው። አቼቶ ቅጫሙን (እንቁላሉን) ያላቅቃል ይባላል፣ ከፀጉሩ ጋር ያጣበቀው ሙጫ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሟሟ አይደለም።

ሁሉም የሚሸነፉት እዚህ ቅጫሙ ላይ ነው። ሴቷ በየቀኑ እንቁላሏን ፀጉሩ ላይ ለራስ ቆዳ ተጠግታ ትለጥፋለች፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለችውም ከ10 ቀን ገደማ በኋላ እሷም እናት ትሆናለች፣ እናም አንዴ ተቀብቶ ተገላገልኩ ያለ ሰው በሳምንቱ መፎከት ቢጀምር አይግረመው። ቅጫምን ከፎረፎር ለመለየት በጥፍር ገፋ ማድረግ ነው፣ ፎረፎር ይረግፋል፣ ቅጫም ንቅንቅ አይልም።

ከቤት ዘዴ ውስጥ በኔ እይታ የሚታመነው ማበጠር ነው። ፀጉሩን አርጥቦ ኮንዲሽነር መለቅለቅ (ቅማሏ ሙልጭልጭ ፀጉር ላይ መሮጥ ያቅታታል)፣ በሰፊ ማበጠሪያ ማፍታታት፣ ከዛ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለው የቅማል ማበጠሪያ ከቆዳው እስከ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ መሳብ። በየጉተታው ነጭ ሶፍት ላይ ጠርጎ ማየት ነው፣ ቡናማ እግር ያላት ነገር ከታየች እሷው ናት። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት አካባቢ እንዳይታለፍ፣ መናኸሪያቸው እዛ ነው። በየ3 ወይ 4 ቀኑ ቢያንስ ለ2 ሳምንት መደገም አለበት፣ ፀጉሩ ብዙና ጥምዝምዝ ከሆነ ደግሞ አንዱ ዙር ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ይመስላል፣ ልጅ ከሆነማ ማልቀሱም አለ።

ላምባ፣ ቤንዚን ወይ የተባይ መርጫ ፍሊት ራስ ላይ ማፍሰስ ግን በፍፁም! ቆዳ ያቃጥላል፣ ይመርዛል፣ እሳት አጠገብ ከተቀመጡ ደግሞ ራስ ይነዳል። ቅባት ቀብቶ የልጅ ራስ ላይ ፌስታል አስሮ ማስተኛትም ያፍናል።

ማበጠር ብቻውን ካልበቃ ፋርማሲ 1% ፐርሜትሪን የሚባል ቅማል ገዳይ መድሃኒት አለ፣ እንቁላሉን ሁሉ ስለማይገድል ከ9 ቀን ገደማ በኋላ ይደገማል። መድሃኒቱን የለመዱት ቅማሎች ስላሉም ካልሰራ ዳይሜቲኮን ይሻላል፣ እሱ መርዝ ሳይሆን ሲሊኮን ነው።

ቤቱን በመርጫ ማጠን አያስፈልግም፣ ከራስ የወረደች ቅማል በ2 ቀን ውስጥ ትሞታለች። የትራስ ጨርቅ፣ ኮፍያና ሻሽ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ማጠብ ይበቃል፣ ይልቅ አብሮ የሚተኛው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታይ።