የመንገድ ፈንድ ሌላ፣ የክፍያ መንገድ ሌላ

የባጃጅ ወንድሞቼ፣ «አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስንሻገር አንከፍልም፤ ታዲያ ለመንገድ ምንም አናወጣም ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በዛ። ታወጣላችሁ። ትኬት ስለማይቆረጥ ነው የማይታየው።

የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። ከምንቀዳው ነዳጅ ዋጋ ውስጥ በየሊትሩ የምትሰበሰብ ገንዘብ አለች። ዋና ሥራዋ ያለውን መንገድ መጠገን ነው። አምስት ሊትር ቀድተህ ወደ ዘጌ ብትሄድ፣ የአምስት ሊትሩን ማደያው ላይ ከፍለሃል። ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል። ከማደያ ለጀልባው የሚቀዳውም ይከፍላል፤ አስፋልት ሳይነካ!

የክፍያ መንገድ ግን እንደ አዲስ አበባ–አዳማው ነው። በሩ ላይ እንደ ተሽከርካሪህ ዓይነትና እንደ ርቀቱ ትከፍላለህ። ካልገባህበት የለብህም። የሁለቱም ተመን በየጊዜው ይለወጣል።