«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ ተረቱ ከየት መጣ፣ ለዛሬዎቹ ተመራጮችስ ምን ይላል?

ይችን ተረት የማያውቅ ሰው የለም መቼም። ጎንደር ላይ የአንድ ባለስልጣን ስም ተነስቶ ሳትጠራ የቀረችበትን ቀን እኔ አላስታውስም፣ ፒያሳ ቡና ላይም ይሁን ወደ አዘዞ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንዱ ይጥላታል ሌላው ይስቃል ወሬውም በዛው ይዘጋል። አሁን የምንረዳት እንዲህ ነው፦ ወንበር ላይ እያለህ ካልዘረፍክ ስትወርድ ታዝናለህ። የሌባ ምክር በሉት። እኔ ግን ተረቷ ያለስራዋ የተወቀሰች ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ስትወለድ «መብላት» ማለት መስረቅ አልነበረም፣ ደሞዝ ነበር።

እስኪ ወደ ኋላ እንሂድ። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ የመናገሻ ከተማ ሆና ስትኖር፣ ለሹም በየወሩ ብር ተቆጥሮ አይሰጠውም። የሚሰጠው አገር ነው። ደምብያን ወይ ወገራን ወይ በለሳን ይሾማል፣ ከገበሬው ግብሩን ይሰበስባል፣ የቤተ መንግስቱን ድርሻ ይልካል፣ የተረፈው የሱ ነው። «አገር በላ» «ጉልት በላ» (ጉልት ማለት ይሄው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው) ሲባል ስድብ አልነበረም፣ ዛሬ «እገሌ ስራ ያዘ» እንደምንለው ያለ ተራ ንግግር ነው። በዛ ላይ ሹሙ ብቻውን አይበላም፣ ጸሐፊው፣ ዘበኛው፣ አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ደጅ ጠኚው፣ እንግዳው ሁሉ የሚበላው ከዛችው ግብር ነው። ደሞዝ፣ አበልና የሰራተኛ ወጪ የምንላቸው ሶስት ነገሮች ያኔ አንድ ማድጋ ውስጥ ነበሩ፣ ማን ስንት እንደቀዳ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ፣ የሚሞላው ደሞ ገበሬው።

ሁለተኛው ነገር ሹም ሽር ነው። ነገስታቱ አንድ ሹም አንድ ቦታ ቆይቶ ስር እንዲሰድ አይፈልጉም፣ ከጠነከረ ይሸፍታላ! ስለዚህ ይሾማሉ ይሽራሉ፣ ያነሳሉ ይተክላሉ። ሰውየው ነገ ይኑር አይኑር አያውቅም፣ ሲሻር ጡረታ የለ መቋቋሚያ የለ፣ ጉልቱ ወደ ተተኪው ይሄዳል እሱ ባዶ እጁን አገሩ ይገባል፣ ትናንት ደጁን ያጨናነቀው ሰው ዛሬ ሰላምታም ይነፍገዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሲሾም ካልበላ ቢቆጨው ምን ይገርማል? ተረቷ የክፍያ ስርአቱን ነው የምትናገረው፣ ማንንም ስረቅ አላለችም። (ገበሬው ስለሷ ምን ይል እንደነበር ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሂሳቡ የሚወጣው ከሱ ጎተራ ነዋ።)

ይህን ነገር ለመቀየር ከሞከሩት አንዱ የኛው የቋራው ካሳ ናቸው፣ አፄ ቴዎድሮስ። ወታደሩ ገበሬ ቤት ገብቶ ከሚበላ ደሞዝ ይከፈለው፣ ገዥውም ደሞዝተኛ ይሁን የሚል ሀሳብ ነበራቸው፣ ግን ደሞዙን የሚከፍል ገቢ አልነበረም፣ የቤተ ክህነትን መሬት ሲነኩ ደሞ ከካህናቱ ጋር ተጣሉና ነገሩ ሳይሰምር ቀረ። ጉልት በህግ የተሻረው ገና በ1958 ዓ.ም. ነው። ፓርላማ የሚባለው ግን ከዛ በፊት መጥቷል፣ በ1923ቱ ህገ መንግስት። ፓርላማው ሁለት ምክር ቤት ነበረው፣ ያኔ የህግ መወሰኛው በንጉሠ ነገሥቱ የተሾመ፣ የህግ መምሪያውም በመኳንንትና በየአገሩ ሹማምንት የተመረጠ ነው፣ ህዝቡ ራሱ ድምጽ ሰጥቶ እንደራሴ የመረጠው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ማለትም ጉልት የሚበላ ሹምና በህዝብ የተመረጠ እንደራሴ ለጥቂት አመታት አንድ አገር ላይ አብረው ኖረዋል፣ ተረቷም ሳትቸገር ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረች።

አሁንስ? በ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 54 መሰረት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፣ መቀመጫው 547 ነው። አንቀጽ 58 ደሞ ስብሰባው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው ይላል፣ መሀል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለው። ከጎንደር የተመረጠ ሰው እንግዲህ አመቱን አብዛኛውን አዲስ አበባ ነው፣ ከመራጩ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ቤተሰቡን ካላዛወረ በስተቀር ሁለት ቤት ያስተዳድራል ማለት ነው። የክልል ምክር ቤት አባል ከሆነ ባህር ዳር ናት፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግን አብዛኞቹ ሌላ ስራ ያላቸው ናቸው፣ ለስብሰባ ይሄዳሉ ይመለሳሉ። ለነዚህ ሰዎች ስንት ይከፈል ብለን በቁም ነገር ስንነጋገር ግን አልሰማሁም፣ ጥያቄው ሲነሳ ወዲያው ተረቷ ትመጣና ትዘጋዋለች።

አንድ የመራጭ ተመራጭ ውይይት ላይ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ጥያቄው ያው ውሃ ነው፣ የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ከተማው በወረፋ የሚጠጣበት ጉዳይ። ተመራጩ ብቻውን ነው የመጣው፣ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ይዟል፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ራሱ በእጁ ይጽፋል፣ ሲጽፍ ቀጣዩ ተናጋሪ ያመልጠዋል፣ «ይቅርታ ይድገሙልኝ» ይላል። አንዲት እናት ተነስተው ስለ ሰፈራቸው ቧንቧ ተናገሩ። «ጥያቄዎን ይዣለሁ እማማ» አላቸው። «ባለፈውም ይዘኸው ነበር ልጄ፣ ኧረ የት አስቀመጥኸው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም ሳቀ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ወዲያው ተረቷን ጣላት፣ «ሲሾም ያልበላ…» ብሎ። እኔ ግን ያየሁት የበላ ሰው አይደለም፣ ደብዳቤ የሚከታተልለት፣ ስልክ የሚያነሳለት፣ በጀት ላይ ቁጥር አጥንቶ የሚሰጠው አንድም ሰው የሌለው ተመራጭ ነው። ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ሚኒስትር ፊት ተቀምጦ የሚጠይቀው ይኸው ሰው ነው፣ ሚኒስትሩ ግን ከኋላው የባለሙያ ሰልፍ አሰልፎ ነው የሚመጣው። እዛ ላይ ማን ያሸንፋል?

ሌላው አለም ይህን እንዴት ያደርገዋል ካላችሁ፣ እንግሊዞች እስከ እ.ኤ.አ. 1911 ለተራ የፓርላማ አባል ደሞዝ አይከፍሉም ነበር፣ ስለዚህ ፓርላማ የሚገባው ሀብታም ነው፣ በዛ አመት 400 ፓውንድ በአመት ጀመሩ። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጪ ቅሌት ፈነዳ፣ አንዱ ኩሬ ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት ገንዘብ ጠይቆ ተገኘ (አልተከፈለውም፣ ግን ስሙ ቀረ)። ከዛ ወዲህ ደሞዛቸውን የሚወስነው ገለልተኛ አካል ነው፣ በኤፕሪል 2025 93,904 ፓውንድ በአመት አድርጎት ነበር። እኔን የገረመኝ ግን የሰራተኛው ነገር ነው፦ የረዳቶች በጀት ለብቻው ነው፣ ብሩ በተመራጩ እጅ አያልፍም፣ አካሉ ራሱ ለሰራተኛው ይከፍላል፣ ከእ.ኤ.አ. 2017ቱ ምርጫ በኋላ ደሞ ዘመድን አዲስ መቅጠር በዛ በጀት አይቻልም። ማድጋውን ለያይተውታል።

ጎረቤታችን ኬንያም በእ.ኤ.አ. 2010 ህገ መንግስቷ የደሞዝ ኮሚሽን አቋቁማለች። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመራጮቹን ወርሃዊ ክፍያ ከ851,000 ሽልንግ ወደ 532,000 ገደማ አወረደው፣ አዲሶቹ ተመራጮች ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ይመለስልን ብለው ሲነሱ ሰልፈኛ ፓርላማው በር ላይ አሳማዎች ለቀቀ፣ ደምም ደፋ። በመጨረሻ ደሞዙ ዝቅ እንዳለ ቀረ፣ ግን የ5 ሚሊዮን ሽልንግ የመኪና ድጎማ አገኙ። በደሞዝ የተዘጋው በአበል ይከፈታል፣ አበል የሚባለው ነገር ጣጣው ይሄ ነው፣ ደሞዝ ይታያል አበል ግን አይታይም። አሜሪካኖች ደሞ በህገ መንግስታቸው 27ኛ ማሻሻያ ምክር ቤቱ የራሱን ደሞዝ ቢቀይር ምርጫ ሳያልፍ አይጸናም ብለዋል፣ ሀሳቡ እ.ኤ.አ. በ1789 ቀርቦ የጸደቀው በ1992 ነው፣ ከ200 አመት በላይ! ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ እንዳይሆን ነው ነገሩ።

እኛም ጋ የሲሻሩን ጎን የነካ ህግ አለ፣ አዋጅ 653/2001፣ ከኃላፊነት የተነሱ የመንግስት መሪዎችና ከፍተኛ ሹማምንት፣ የምክር ቤት አባላትና ዳኞች የሚያገኙትን መብትና ጥቅም የሚወስን። ሲወጣ ብዙ ሰው «ለነሱ ብቻ» ብሎ አጉረመረመ፣ አሁንም ያጉረመርማል። ግን ተረቷን ያመጣው ፍርሀት እኮ ይሄ ነው፣ ከተሻርኩ በኋላ ምን እበላለሁ የሚለው። መጠኑ በዛ አነሰ ብለን እንከራከር፣ ጨርሶ አያስፈልግም ማለት ግን ሰውየውን ወደ ድሮው ማድጋ መመለስ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ይሄን ሁሉ ሰምተው «አንተ ደሞዝ ቢጨመርለት የሚጠግብ ሹም የት አየህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ደሞዝ ብቻውን ሌባን አያቆምም፣ የኬንያው ክፍያ ትንሽ አልነበረምና። ለዚህ ነው እኔ ከደሞዙ በፊት የሰራተኛውን በጀት የማስቀድመው፣ ለጎንደር ተመራጭ አንድ ቢሮ እዚሁ ከተማው ውስጥ፣ አቤቱታ መዝግቦ ቁጥር የሚሰጥ አንድ ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ ደሞ አንድ የበጀት ባለሙያ፣ ክፍያቸው በምክር ቤቱ ጽህፈት ቤት በኩል፣ ዝርዝሩም ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ የተለጠፈ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ጸሐፊው የማን ዘመድ ነው የሚሆነው?» አሉ። የእንግሊዞቹን ክልከላ ነገርኳቸው፣ ያችን ወደዷት።