ጠባይን በፕላኔት ስም መጥራት

በእንግሊዝኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች የሰውን ጠባይ የሚገልጹ ጥቂት ቅጽሎች ከሰማይ አካላት ስም የወጡ ናቸው። ጨዋታ ወዳድና ፊቱ የማይጠቁር ሰው ከጁፒተር በወጣ ቃል «ጆቪያል» ይባላል። ዝምተኛ፣ ኮስታራና ትካዜ የሚያጠቃው ሰው «ሳተርናይን» ነው፤ ከሳተርን። ስሜቱ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው በሜርኩሪ ስም «መርኪዩሪያል»፣ ጦረኝነት ያለበት ሁሉ በማርስ ስም «ማርሻል»፣ አእምሮው የታወከ ደግሞ ጨረቃን ሉና ከሚላት የላቲን ቃል «ሉናቲክ» ተብሏል። ፕላኔቶቹ የሮማውያንን አማልክት ስም ስለያዙ ቅጽሎቹ በቀጥታ ከአማልክቱ ተረት የተቀዱ ይመስላሉ። ዋነኞቹ ግን እንዲያ አይደሉም። የተወለዱት በኮከብ ቆጣሪዎችና በሐኪሞች እጅ ነው፤ ጠባዩንም ያገኙት ከአምላኩ ሳይሆን ከፕላኔቱ ነው።

ለዚህ ከሳተርን የተሻለ ምስክር አይገኝም። በሮማውያን ተረት ሳተርን የዘርና የእርሻ አምላክ ነው። እርሱ በነገሠበት ዘመን ምድር ሳትታረስ ታበቅል፣ ሰውም ያለ ጦርነትና ያለ ድካም ይኖር ነበር ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 17 የሚጀምረው በዓሉ ሳተርናሊያ ሮም በዓመት ውስጥ እጅግ የምትደሰትበት ወቅት ነበር። ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ በሌላ ጊዜ የተከለከለው ቁማር ይፈቀዳል፣ ስጦታ ይለዋወጣሉ፣ ባሪያዎችም ከጌቶቻቸው ጋር ለማዕድ ይቀርባሉ፤ አንዳንዴም ጌቶቹ ራሳቸው ያስተናግዷቸዋል። ከእንዲህ ያለ አምላክ ስም የሚወጣ ቅጽል ፈንጠዝያ ወዳድን መግለጽ ይገባው ነበር። የሚገልጸው ግን ፊቱ የማይፈታውን ነው።

ምክንያቱ ያለው ሰማይ ላይ ነው። በዓይን ከሚታዩት አምስት ፕላኔቶች ሳተርን የሩቁና የዘገምተኛው ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 29 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይፈጅበታል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው የከዋክብት ሊቅ ቶለሚ ይህን ርቀት ይዞ ተነሣ። ሳተርን ከፀሐይ ሙቀትም ከምድር እርጥበትም የራቀ ስለሆነ ያቀዘቅዛል፣ ያደርቃልም አለ። የዘመኑ ሕክምና ደግሞ የሰውን አካል በአራት ፈሳሾች ይከፍል ነበር፤ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። ከእነዚህ ቀዝቃዛና ደረቅ የሚባለው ጥቁር ሐሞት ሲሆን እርሱም የትካዜ ምንጭ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሁለቱ ትምህርቶች ሲጋጠሙ በሳተርን ሥር የተወለደ ሰው ተካዥ፣ ቁጥብና ብቸኝነት ወዳድ ሆነ። የብረታ ብረት ቀማሚዎቹ አልኬሚስቶችም ከባዱንና ደብዛዛውን እርሳስ ለሳተርን ሰጡት። ስለዚህም በፈረንሳይኛ የእርሳስ መመረዝ እስከ ዛሬ «ሳተርኒዝም» ይባላል።

ጁፒተርም በተረቱና በቃሉ መካከል ልዩነት አለበት። አምላኩ መብረቅ ወርዋሪ፣ የአማልክት ንጉሥና ሲቆጣ የሚያስፈራ ነው። ፕላኔቱ ግን በቀዝቃዛው ሳተርንና በሚያቃጥለው ማርስ መካከል ስለሚገኝ ለዘብተኛ፣ ሞቃትና እርጥብ ተደርጎ ተቆጠረ። ከፈሳሾቹ ሞቃትና እርጥብ የሆነው ደም ነው፤ ደመ ሙቅ ሰውም ደስተኛና ለጋስ ነው ተባለ። የዓረብ ኮከብ ቆጣሪዎች ጁፒተርን «ታላቁ መልካም ዕድል»፣ ሳተርንን «ታላቁ መጥፎ ዕድል» ይሏቸው ነበር። «ጆቪያል» የጁፒተር ሌላ ስም ከሆነው ከጆቭ ወጥቶ፣ ከጣሊያንኛ በፈረንሳይኛ በኩል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ ገባ።

ይህ ዕውቀት ወደ ምዕራብ አውሮፓ በስፋት የገባው በዓረብኛ መጻሕፍት አማካይነት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አቡ መዕሸር የጻፈው ታላቅ የኮከብ ቆጠራ መግቢያ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ጊዜ ወደ ላቲን ተተርጉሟል። የዓረብኛው ምንጭ ወደ እኛም ፈስሷል። በግዕዝ የዘመን አቆጣጠርና የኮከብ መጻሕፍት ፕላኔቶቹ ዙሐል (ሳተርን)፣ መሽተሪ (ጁፒተር)፣ መሪኅ (ማርስ)፣ ዝሁራ (ቬነስ) እና ዐጣርድ (ሜርኩሪ) የሚባሉት፣ በዐውደ ነገሥት የምናውቃቸው ሐመል፣ ሰውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣንና ሌሎቹም ዐሥራ ሁለት ኮከቦች ስማቸው ከዓረብኛ የመጣው ለዚህ ነው። ሆኖም በአገራችን ጠባይ የተንጠለጠለው በፕላኔቶቹ ሳይሆን በዐሥራ ሁለቱ ኮከቦችና በአራቱ ባሕርያት ላይ ነው። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ተቆጥረው ለዐሥራ ሁለት ሲገደፉ ኮከቡ ይገኛል፤ ኮከቡም እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውሃ ነው። «ኮከባቸው አልገጠመም» ስንል የምንናገረው በዚህ ትምህርት ቋንቋ ነው። «ዙሐላዊ» የሚባል ሰው ግን በአማርኛ የለም።

ሳተርንን ከውርደቱ ያነሣው የፍሎረንሱ ፈላስፋ ማርሲሊዮ ፊቺኖ ነው። ሲወለድ ሳተርን በምሥራቅ እየወጣ እንደነበር የሚያምነው ፊቺኖ በ1489 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራው ተካዥነት የሊቃውንት ዕዳም ጸጋም ነው ሲል አስተማረ። ከሁሉ በላይ ያለው ፕላኔት አእምሮን ወደ ላይ ይስባል፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ሊቁ በፀሐይ፣ በጁፒተርና በቬነስ ነገሮች ራሱን ማለዘብ አለበት፤ በሙዚቃ፣ በመልካም ሽታ፣ በብርሃንና በአረንጓዴ ቦታ። በ1514 ጀርመናዊው አልብሬሽት ዱረር ትካዜን ክንፍ ባላት ሴት መስሎ ሲቀርጽ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ በየአቅጣጫው ሲደመር 34 የሚሆን የቁጥሮች ሰንጠረዥ አኖረ። በዘመኑ ይህ ባለ አራት ረድፍ ሰንጠረዥ የጁፒተር ይባል ስለነበር ብዙ ተመራማሪዎች የሳተርን ማርከሻ አድርገው ይተረጉሙታል። የሚያዝን ሰው ዛሬም ዘፈንና አረንጓዴ መስክ ይመከራልና ፊቺኖ ከእነ ስሕተቱ የሚከበር ሰው ነው።

በሜርኩሪና በማርስ ተረቱና ፕላኔቱ ይስማማሉ። ሜርኩሪ ፈጣን መልእክተኛ፣ የነጋዴዎችና የሌቦች አምላክ ነው፤ ፕላኔቱም ፀሐይን በ88 ቀን ይዞራል። ማርስ ቀይ ነው፤ ሙቀቱና ድርቀቱ ከቢጫ ሐሞት ጋር ገጠመ። ማርሻል አርት የምንለው ስፖርት ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። የጦር ማዕረጉ ማርሻል ግን ዘመድ አይደለም፤ እርሱ የፈረስ ጠባቂ ከሚል የጥንት ጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው።

የቬነስ ዕጣ ያሳዝናል። የፍቅርና የውበት አምላክ ስም ያስገኘው ዋነኛ ቅጽል «ቬኔሪያል» ዛሬ የሚታወቀው በአባላዘር በሽታ ነው።

ጨረቃ ሕመምን ትቀሰቅሳለች የሚለው እምነት ከሮማም ይሰፋል። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 «በጨረቃም የሚነሣባቸውን» ሲል ይህንኑ የግሪክኛ አነጋገር ይዞ ነው። እንግሊዝ በ1845 የአእምሮ ሕሙማንን የሚመለከት ሕግ ያወጣችው «ሉናቲክ» ከሚለው ቃል በተወሰደ ስም ነበር። አሜሪካ ቃሉን ከፌዴራል ሕጎቿ የሰረዘችው በ2012 ነው። ከእነዚህ ቅጽሎች ሁሉ ሰውን በእውነት የጎዳ ይህ ነው፤ የታመመን ሰው በጨረቃ ስም ፈርጆ በሕግ ከሰው ተራ አውጥቶታልና።

ያለ ኮከብ ቆጠራ በቀጥታ ከተረት የወጡም አሉ። ድንገተኛ ድንጋጤን የሚገልጸው «ፓኒክ» በዱር መንጋን ከሚያስበረግገው ከፓን፣ መልኩን እየለዋወጠ የማይጨበጠውን የሚገልጸው «ፕሮቲያን» ከባሕር አምላኩ ፕሮቴዎስ፣ እጅግ ከባድ ሥራን የሚገልጸው «ሄርኩሊያን» ከጀግናው ሄርኩለስ ነው። እነዚህ ተረቱን አይቃረኑም።

ከአምስቱ ፕላኔቶች በኋላ የተገኙት ፕላኔቶች ጠባይ የሚገልጽ የተለመደ ቅጽል አላፈሩም። ዩራነስ በ1781፣ ኔፕቱን በ1846 ሲገኙ ኮከብ ቆጠራ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ፣ በአራቱ ፈሳሾች ላይ የቆመው ሕክምናም እየተተወ ነበር። ስማቸው የተላለፈው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ንጥረ ነገር ነው፤ ዩራኒየም፣ ኔፕቱኒየም፣ በ1930 ከተገኘው ከፕሉቶ ደግሞ ፕሉቶኒየም።