ጥሬ ባይት በብራውዘር ውስጥ፦ ጃቫስክሪፕት ባይናሪ ዳታን እንዴት ይይዛል?

ጥሬ ባይናሪ ዳታ ማለት ገና ትርጉም ያልተሰጠው የባይቶች ሰልፍ ነው። እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። ፎቶው፣ ድምፁ፣ ፒዲኤፉ፣ ዚፑ፣ ሁሉም ሲገለጥ ይኸው ነው። ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ የሚወስነው የሚያነባቸው ፕሮግራም ነው።

ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ ሲወለድ ለዚህ ሥራ አልታሰበም። ፎርም እንዲፈትሽና ገጹን እንዲያነቃቃ ነበር የተፈለገው። ስለዚህ ባይናሪ ፋይል ማንበብ የፈለጉ ፕሮግራመሮች ዘዴ ፈጠሩ፦ ፋይሉን ጽሑፍ ነው ብለው ብራውዘሩን ይሸውዱታል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ፊደል የታችኛውን 8 ቢት (አንድ ባይት) እየቆረጡ ይወስዳሉ። ይሠራል፣ ግን ያሳፍራል።

መፍትሔው የመጣው ከ3ዲ ግራፊክስ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚፈልገው ልካቸው የታወቀ፣ ተከታትለው የተደረደሩ ቁጥሮችን ነው፤ የጃቫስክሪፕት ተራ አሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ክሮኖስ የተባለው ቡድን በመጋቢት 2011 (እ.ኤ.አ.) ብራውዘር ውስጥ 3ዲ ለመሳል የሚያገለግለውን ዌብጂኤል 1.0ን ሲያወጣ ታይፕድ አሬይም፣ ማለትም አንድ ዓይነት ቁጥር ብቻ የሚይዝ አሬይ፣ አብሮ መጣ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የቋንቋው መደበኛ አካል ሆነ።

አሠራሩ ሁለት ነገሮችን ይለያል። አሬይበፈር ሜሞሪ ላይ የተያዘ ቦታ ነው፤ ሲፈጠር ሁሉም ባይት 0 ነው። በቀጥታ አይነበብም፣ አይጻፍበትም። ለዚያ ቪው፣ ማለትም ባይቶቹን እንደ ቁጥር የሚያሳይ መመልከቻ፣ ያስፈልጋል። ያው 4 ባይት በዩኢንት8አሬይ ሲታይ 4 ትንንሽ ቁጥሮች ነው፤ በዩኢንት32አሬይ ሲታይ አንድ ትልቅ ቁጥር፤ በፍሎት32አሬይ ደግሞ አንድ ባለነጥብ ቁጥር። ኮፒ የለም። በአንዱ ቪው የጻፋችሁት በሌላውም ወዲያው ይታያል።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጣጣ አለ። ዩኢንት8አሬይ ውስጥ 256 ብትጽፉ ኤረር አይመጣም፤ 0 ሆኖ ይቀመጣል። ፎቶ የሚያደምቅ ኮድ በዚህ ቢሠራ በጣም የደመቁት ቦታዎች በድንገት ይጠቁራሉ። ካንቫስ (የብራውዘሩ መሳያ ሰሌዳ) ለዚህ ብሎ ሌላ ዓይነት ይጠቀማል፤ ከ255 ያለፈውን እዚያው 255 ላይ ያቆመዋል።

የባይት ቅደም ተከተል ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈተንበት ነው። ፒኤንጂ ፎቶ እንይ። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች ሁልጊዜ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 ናቸው። ቆጠራውን ከ0 ከጀመርን፣ የፎቶው ስፋት ከ16ኛው እስከ 19ኛው ባይት ይገኛል። ስፋቱ 800 ፒክስል ከሆነ 0፣ 0፣ 3፣ 32 ታያላችሁ፤ 3 ጊዜ 256 ሲደመር 32 ማለት ነው። ፒኤንጂ ትልቁን ባይት፣ ማለትም በቁጥሩ ውስጥ ከፍተኛውን ቦታ የሚይዘውን፣ ያስቀድማል። የኮምፒውተሮቻችንና የስልኮቻችን ፕሮሰሰሮች ግን በአብዛኛው ትንሹን ያስቀድማሉ። በዩኢንት32አሬይ ካነበባችሁት 800 የነበረው ስፋት 537,067,520 ይሆንላችኋል! ከፋይል የሚመጣን ቁጥር ዳታቪው በተባለው ሌላ ቪው ማንበብ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ሌላ ካልነገራችሁት በስተቀር ትልቁን ባይት አስቀድሞ ያነባል፣ ከፈለጋችሁም መገልበጥ ይቻላል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላም ነገር አለ። «ሰላም» በጃቫስክሪፕት ርዝመቱ 3 ነው። በቴክስትኢንኮደር ወደ ዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) ሲቀየር ግን 9 ባይት ይሆናል፦ 225፣ 136፣ 176፣ ከዚያ 225፣ 136፣ 139፣ ከዚያ 225፣ 136፣ 157። በዩቲኤፍ-8 የግዕዝ ፊደል አንዱ 3 ባይት ይፈጃል። ዳታው ከኔትወርክ ተቆራርጦ ሲመጣ አንድ ፊደል መሀል ለመሀል ሊቆረጥ ይችላል፤ ባይቱን ወደ ፊደል የሚመልሰው ዲኮደር ገና ቀሪ እንዳለ ካልተነገረው በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይወጣል። ዳታን በተራ የጽሑፍ ምልክቶች የሚጽፈው አሮጌው የብራውዘር ቤዝ64 መቀየሪያም ከ255 በላይ የሆነ ፊደል አይቀበልም። አማርኛ ስትሰጡት ኤረር ያወጣል። መጀመሪያ ወደ ባይት መቀየር የግድ ነው። ለነገሩ ቤዝ64 ዳታውን በሲሶ ገደማ ያሳብጠዋል፤ ለትልቅ ፋይል ባትጠቀሙት ይሻላል።

ለትልቅ ፋይል ብሎብ አለ፤ ብራውዘሩ ራሱ የሚይዘው ፋይል መሰል ዳታ ነው። ብሎብ ይዘቱን ሁሉ ለጃቫስክሪፕት አያስረክብም፤ የሚፈለገውን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ ማንበብ ይቻላል። ለብሎብ ጊዜያዊ አድራሻ ከፈጠራችሁ ግን ስትጨርሱ መሰረዝ አትርሱ፤ አለበለዚያ ገጹ እስኪዘጋ ሜሞሪ ይዞ ይቀመጣል።

ከባዱን ሥራ ለወርከር፣ ማለትም ከገጹ ጎን ለጎን ለሚሠራ ኮድ፣ መስጠትም የተለመደ ነው። አሬይበፈሩን ኮፒ ሳታደርጉ ታስተላልፉታላችሁ። ሰጪው ዘንድ የነበረው ርዝመቱ 0 ይሆናል፤ ዳታው እጁ ላይ የለም። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ እንዲይዙት ከተፈለገ ሼርድአሬይበፈር አለ፤ እሱ ግን ታሪክ አለው። በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ይፋ ሲሆን ብራውዘሮች ዘጉት፤ በጣም ረቂቅ ሰዓት ለመሥራት ስለሚያገለግልና ጥቃቱም ያንን ስለሚፈልግ። ኋላ ተመልሷል፣ ግን ሰርቨሩ ገጹን ከሌሎች ገጾች የሚነጥሉ ሁለት ሄደሮች (ከገጹ ጋር የሚላኩ መመሪያዎች) መላክ አለበት። ሄደር መቀየር የማይፈቅድ ሆስቲንግ ላይ ያለ ሰው ወርከሮቹን በማስተላለፍ ብቻ ማሠራቱ ይቀለዋል።