የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ፦ ምርጫው፣ ተወዳዳሪዎቹና የትምህርት ቤቶቹ ጉዳዮች

የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ በሜሪላንድ ትልቁን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሥርዓት የሚመራ፣ በሕዝብ የሚመረጥ አካል ነው። በሥሩ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችና ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች አሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ጀርመንታውን የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት እዚሁ ነው። ካውንቲው ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ስምምነት ያለው ሲሆን፣ የትምህርት ቤቶቹ ጽሕፈት ቤት ዋና ዋና ማስታወቂያዎቹን ከሚተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ማኅበረሰቡ በቁጥርም በተሳትፎም ያስከበረው ቦታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



ቦርዱ 8 አባላት አሉት። 7ቱን ሕዝቡ ለ4 ዓመት ይመርጣቸዋል፤ 5ቱ ከ5 ዲስትሪክቶች፣ 2ቱ ደግሞ ከየትኛውም የካውንቲው ክፍል ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዲስትሪክት ተወዳዳሪ በዲስትሪክቱ መኖር ቢኖርበትም፣ ድምፅ የሚሰጠው የመላው ካውንቲ መራጭ ነው። ምርጫው በየ2 ዓመቱ ይካሄዳል፤ አንዴ 3፣ አንዴ 4 ወንበሮች ይቀርባሉ። 8ኛው አባል ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚመርጡት ተማሪ ነው። ከ2016 ጀምሮ በበጀት ላይ ጭምር ድምፅ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ለተማሪ የሰጡ ቦርዶች በአሜሪካ ጥቂት ናቸው።

ለአንድ ወንበር ከ2 በላይ ሰዎች ሲቀርቡ፣ በመጀመሪያው ዙር ብዙ ድምፅ ያገኙት 2ቱ ወደ ኖቬምበሩ ምርጫ ያልፋሉ። ውድድሩ ፓርቲ የለበትም። ስለዚህ በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገበ መራጭም በመጀመሪያው ዙር ለቦርዱ መምረጥ ይችላል፤ ይህን ባለማወቅ ብቻ ቤቱ የሚቀር ሰው አለ። የቦርዱ ወንበሮች የሚገኙት ወደ ወረቀቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ የላይኞቹን ሞልቶ ታቹን ባዶ የሚተውም አይጠፋም። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው መራጭ የሚያነብለት ሰው ይዞ መግባት መብቱ ነው፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ግን ሊሆን አይችልም።

ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ለቦርዱ መምረጥ አይችልም። ታኮማ ፓርክን የመሳሰሉ ከተሞች ዜጋ ያልሆነ ነዋሪን በከተማ ምርጫ ያሳትፋሉ፤ ይህ ግን የትምህርት ቦርዱን አይጨምርም። ሁለቱን አደባልቆ በካውንቲው መራጭነት መመዝገብ የዜግነት ማመልከቻን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ተወዳዳሪ ለመሆን በካውንቲው የተመዘገበ መራጭ መሆን፣ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች የሆኑበት የዘመቻ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ከዚያም ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል። ፖስተርና ገንዘብ የየራሳቸው ሚና ቢኖራቸውም፣ በዚህ ካውንቲ ክብደት ያለው የመምህራን ማኅበሩ ድጋፍ ነው። ማኅበሩ የሚደግፋቸውን ስሞች በአፕል ቅርጽ ወረቀት አትሞ በምርጫ ጣቢያዎች ደጃፍ ያድላል። በ2024 ሪታ ሞንቶያ፣ ናታሊ ዚመርማንና ሎራ ስቱዋርት በዚሁ ድጋፍ አሸነፉ፤ ወንበር ላይ የነበሩ አባላትም በዚያ ምርጫ ተሸነፉ። መራጩ ለውጥ የፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነበር። በአንድ ርዕሰ መምህር ላይ የቀረቡ አቤቱታዎች የተያዙበት መንገድ ትልቅ ቁጣ አስነሥቶ፣ የትምህርት ቤቶቹ ሥርዓት ዋና ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) ሞኒፋ ማክናይት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለቀው ነበር። በጁላይ ቶማስ ቴይለር ተተኩ።

ከቅርብ ዓመታት ሁሉ ኢትዮጵያውያንን ከቦርዱ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘው የመጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። በ2022 መገባደጃ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርንና የፆታ ማንነትን የሚያነሡ የሕፃናት መጻሕፍት ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ገቡ። በመጀመሪያ ወላጅ ልጁን ከንባቡ ማስወጣት ይችል ነበር፤ በማርች 2023 ግን ፈቃዱ ቀረ። ሮክቪል በቦርዱ ደጃፍ ለተቃውሞ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ፤ እናቶች ሕፃናት አዝለው በጨዋነት ቆመዋል። ቦርዱ በበኩሉ፣ ከክፍል የሚወጣው ተማሪ መብዛቱ ለመምህራን አስቸጋሪ እንደሆነና የአንዳንድ ልጆችን ስሜት እንደሚጎዳ ተከራክሯል። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ተወሰነ፤ ክሱ እስኪያልቅ ትምህርት ቤቶቹ ቀድመው ማሳወቅና ልጁን ማስወጣት እንዲፈቅዱ ነው። መጻሕፍቱ ግን አልታገዱም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። ሱፐርኢንቴንደንቱ በዲሴምበር በጀት ያቀርባል፣ ቦርዱ በፌብሩዋሪ ያጸድቀዋል፣ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ በማርች የራሱን ሐሳብ ያቀርባል፣ የካውንቲው ምክር ቤት በሜይ ይወስናል። በጀቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን አብዛኛው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ጥቂት ሲቀንስ ጫናው በክፍል ተማሪ ብዛትና በረዳት መምህራን ላይ ያርፋል። ኦንላይን ትምህርት ቤቱ በ2024 የተዘጋውም በበጀት እጥረት ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ወላጅ ለቦርዱ ብቻ ጽፎ ቢቀር ግማሹን መንገድ ብቻ ሄዷል።

የትምህርት ቤት ወሰን ማሻሻል ግን የቦርዱ ሙሉ ሥልጣን ነው። የውድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደገና መገንባቱ የብዙ ሰፈሮችን ወሰን አንቀሳቅሷል። በ2025 የቀረበው እቅድ ደግሞ ካውንቲውን ለልዩ ፕሮግራሞች በ6 ክልሎች የሚከፍል ሲሆን፣ እንደ ብሌየር፣ አንስታይን፣ ኬኔዲ፣ ኖርዝውድና ዊተን ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል ተማሪው የሚመርጥበትን የቆየ አሠራር ይነካል። ወሰን ሲቀየር አውቶቡስም ይቀየራል፦ ነፃ አውቶቡስ የሚደርሰው በአንደኛ ደረጃ ከ1 ማይል፣ በመካከለኛ ከ1.5፣ በሁለተኛ ደረጃ ከ2 ማይል በላይ ለሚርቅ ተማሪ ነው። አብዛኛው ወላጅ የሚነቃው የሱፐርኢንቴንደንቱ ምክረ ሐሳብ ከወጣ በኋላ ነው፤ ካርታዎቹ በቀላሉ የሚሻሻሉት ግን አማራጮቹ ገና ለአስተያየት ክፍት ሳሉ ነው።

በምዝገባ ወቅት በቤት ቋንቋ መጠይቁ ላይ አማርኛን መደበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ልጁ የእንግሊዝኛ ደረጃ ፈተና ሳይወስድ ያልፋል፣ የሚገባውን እገዛ ያጣል፤ ወላጁም የአማርኛ ማስታወቂያና አስተርጓሚ ላይደርሰው ይችላል። አስተርጓሚ ነፃ ነው፤ ከስብሰባው ቀናት በፊት በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል። በቦርዱ ፊት የሚናገር ሰው አስቀድሞ ይመዘገባል፤ የሚሰጠው ጊዜ 2 ደቂቃ ያህል ስለሆነ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የሚቃወመውን ወይም የሚደግፈውን ውሳኔና የሚጠይቀውን ነገር በመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች መናገር አለበት። ቀሪው ዝርዝር በጽሑፍ ይገባል።